የኽምጣና ተርጓሚ ከወዴት ይምጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋግ ኽምራ፥ በዝቋላ ወረዳ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት፥ በዕድሜ የገፉ አንድ የአገው ባላገር ስለ ጠፋባቸው ፍየል ሲያመለክቱ ከጎን ተቀምጬ እሰማ ነበር። ሽማግሌው በአገው ልሳናቸው በኽምጣና ይናገራሉ፤ አስተርጓሚው፥ እዚያው ተወልዶ ያደገ ትጉህ ወጣት፥ ቃላቸውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ለጸሐፊው ያቀብላል። “ወንድ ፍየል ጠፋብኝ ነው የሚሉት” አለ፤ ጸሐፊውም እንዲሁ ጻፈ። ሽማግሌው ግን ጥቂት አማርኛ ይሰሙ ኖሮ፥ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙትና ቀድሞ ያሉትን ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ነገሩ ሲጣራ፥ የጠፋው ተኮላሽቶ የሰባ ሙክት እንጂ ወጠጤ አልነበረም፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ የሁለቱ ዋጋ የትና የት ነው። ወጣቱ የሰማውን አልሳተም፤ ከአንደበቱ የታጣው የአማርኛው ቃል ነበር።

ይህን የማነሣው ወጣቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሁለት ልሳን ተሸክሞ የሚኖር እርሱ ነውና። በአማርኛ አፋችንን የፈታን እኛ ግን ለመምህርነት፥ ለጤና ወይም ለዳኝነት ሥራ ወደዚያ ስንመደብ፥ ከሰላምታ ያለፈ ኽምጣና ሳንማር፥ ዝውውር እየጠየቅን እንመለሳለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጎ፥ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማይሰማ ተከሳሽም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ በአንቀጽ 20 አዝዟል፤ አስተርጓሚው ከማን ወገን ይሁን የሚለውን ግን ያለ አንዳች ጉባኤ ለአገው ልጅ ብቻ ትተንለታል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር 1969 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፥ ተርጓሚ በተቻለ መጠን አፍ ወደ ፈታበት ቋንቋ ወይም እኩል ወደሚያውቀው ልሳን ይተርጉም ብሎ መክሯል። ጃፓናዊው ደራሲ ካዋባታ ያሱናሪ በ1961 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፥ ድርሰቱን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደረሰው ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር የኮሎራዶ ተወላጅ ነበር፤ ጃፓንኛን የተማረውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በከፈተው የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ጃፓንኛ ግሱን ከመጨረሻ ያኖራል፥ ባለቤቱንም ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ያልፋል፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ከፊት ይሻል፤ ስለዚህ ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን ከእግር እስከ ራስ መገልበጥ ነበረበት። ኽምጣና ግን እንደ አማርኛ ግሱን መድረሻ ላይ ያሳርፋል፤ ሊቃውንቱም የአማርኛ ሰዋስው ከአገው ልሳን ብዙ እንደ ወረሰ ይናገራሉ። እንግዲህ ለኮሎራዶው ሰው ያልከበደ ለጎረቤት ከበደ ማለት ያሳፍራል።

ባዕድ ልሳን ተምሮ ወደ ገዛ ቋንቋ የመተርጎም ሥርዓት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም፤ ደቀ መዝሙሩ ከንባብ ቤት ተነሥቶ፥ ዜማውንና ቅኔውን ዘልቆ መጻሕፍት ቤት እስኪገባ ድረስ ዓመታት ያልፉታል፤ ከዚያም መምህሩ ከወንበራቸው ሆነው ነጠላውን ትርጉም እየሰጡ፥ “አንድም” እያሉ ምሥጢሩን ሲያመለክቱት፥ እርሱ ትርጓሜውን የሚቀበለው በአማርኛ ነው። የአንድምታው አማርኛ እስከ ዛሬ ለዛው ያልተለየው፥ ባዕዱን ልሳን ተምረው ወደ ገዛ ቤታቸው ያስገቡት ሰዎች ስለሆኑ ይመስለኛል። (በኽምጣና አፉን የፈታ የዋግ ተማሪ ግን ግእዙንም አማርኛውንም በትምህርት ነው የሚያገኛቸው፤ ይህን ድካሙን የሚቆጥርለት አላየሁም።) እርግጥ ነው፥ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ያስተረጐሙት አቡነ ሰላማ መተርጉም ግብጻዊ ነበሩ፤ ደንቡ ያለ አፈንጋጭ አይገኝም።

ያገሬው ተወላጅ የነገሩን ውስጥ ይረዳል፥ እንግዳ ግን ፈሊጡን ይስታል የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ስለዚህም የምመኘው ወጣቱን ከወንበሩ ማንሣት አይደለም። ሕጉንና የጤናውን ምክር ከአማርኛ ወደ ኽምጣና መመለስ የእርሱ ዙፋን ነው፥ ያንንም የሚያህል ደመወዝ ይገባዋል። አማርኛ አሳምረው የሚጽፉ ጥቂት ምሩቃን ደግሞ ተመርጠው፥ ሁለት ዓመት በዝቋላና በአበርገሌ ከእረኛውና ከገበያተኛው ጋር ይክረሙ፤ እንደ መምህር የሚከፈላቸው ሽማግሌዎች ይመደቡላቸው፤ የሚተረጉሙትም ተረትና የርስት ታሪክ በሽማግሌው ፊት እየተነበበ ይታረም።

እኔ የጀመርሁት ከፍየል ነው። ባለ ሙክቱን ሽማግሌ በገበያ ቀን አግኝቻቸው ቃሉን እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ አልሆንልህ ቢለኝ አራት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በአምስተኛው ዝም ብለው አዩኝና፥ ከፊታቸው የታሰረውን ፍየል ቀንድ ይዘው ወደ እኔ አዞሩት፥ “ለእርሱ ንገረው” በሚል ዓይነት።