«ሲቪል» የሚባለው የጥይት ስብራት

በጥይት የተሰበረ እግርን ስለማከም የተጻፉ ጥናቶች ቁስለኛውን «የጦር ሜዳ» እና «ሲቪል» ብለው ይለዩታል። ከአሜሪካ ከተሞች የሚወጡት «ሲቪል» ሲሉ በአብዛኛው በሽጉጥ የተመታውን ማለታቸው ነው። የሽጉጥ ጥይት ፍጥነት በተለምዶ በሴኮንድ ከ600 ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ቁስሉ ጠባብና ንጹሕ ሲሆን በላዩ አጥቦ፣ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ፣ የጭኑን አጥንት በመቅኔው ውስጥ በሚገባ ብረት ፈጥኖ ማያያዝ ተቀባይነት አግኝቷል።

ይህ ምክር ወደ አገራችን ድንገተኛ ክፍሎች ሲሻገር ግን ቃሉ ያሳስታል። በገጠር ሲቪሉ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመታው በክላሽንኮቭ ነው፤ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሆስፒታል እስኪደርስም ረጅም ሰዓት ያልፋል። ሰውየው ሲቪል ቢሆንም ቁስሉ የጦር ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መሣሪያውን ጠይቀን እንወስን? በእኔ እይታ ይህም አያዋጣም። ፈጣን ጥይት ሥጋውን ብቻ በስቶ ሊያልፍ፣ ዝግ ያለው ደግሞ የቅልጥምን አጥንት ሊያደቅ ይችላል። ዳግላስ ሊንድሴይ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጣጥፍ ይህን ፍጥነትን የማምለክ ልማድ አጥብቀው ነቅፈዋል። ደግሞስ ፖሊስ አጠገቡ የቆመበት ቁስለኛ ስለ መሣሪያው እውነቱን ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የቁስል ምደባ መሣሪያውን አይጠይቅም። የመግቢያውንና የመውጫውን ስፋት፣ የአጥንቱን መድቀቅ፣ የዋና ደም ሥሮችን ጉዳት፣ በውስጥ የቀረውን ብረት ይመዘግባል፤ ከሁሉም በላይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የቁስሉ ክፍተት ሁለት ጣት ያስገባ እንደሆነ ይጠይቃል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሁለት ጣት የሚያስገባ ቁስል የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ሊወጣለት፣ ሳይሰፋ ሊቆይ፣ አጥንቱም ከውጭ በሚታሰር ብረት ሊያዝ ይገባዋል፤ የመቅኔው ብረት ቁስሉ ከጠራ በኋላ ይደርሳል። ያለ ራጅ ማሳያ የሚገባው የሳይን ብረት በሆስፒታሎቻችን መገኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ቅለቱ ግን ለመቸኮል ይገፋፋል። ሁለት ጊዜ መቅደድ አልጋ ይይዛል፣ ለቤተሰብም ወጪ ነው የሚሉ ባልደረቦች ሐቅ አላቸው። ነገር ግን ያመረቀዘ መቅኔ የሚይዘው አልጋ ከዚያ ይበልጣል። ጠባብ ቁስል ያለው ሰውም፣ በክላሽንኮቭ ቢመታ እንኳ፣ በዚሁ መለኪያ ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል።

በየትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ በምናዘጋጃቸው የመረጃ ቅጾች ላይ «ፈጣን» ወይም «ዝግተኛ ጥይት» የሚለው አምድ ወጥቶ፣ በምትኩ የክፍተቱ ስፋትና ከምቱ እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለፈው ሰዓት ቢገባ እመርጣለሁ።