በአየር ስለሚነፋ ጀልባ አመራረጥ

ዋና የተማረና በጣና ባሕር ዳር መቅዘፊያ ይዞ ጥቂት ዘመን የተለማመደ ጎልማሳ ልጅ ያለው ሰው፥ አንድ ቀን «አባባ፥ በአየር የሚነፋውን ካያክ ይግዙልኝና ወደ ቆላው ወንዝ ልውረድበት» ተብሎ ሳይለመን አይቀርም። አባትም ለልጁ ደስታ ሲል ገንዘቡን ይከፍል ይሆናል፤ ነገር ግን የገዛው መጫወቻ ይሁን ወይም የልጁን ሕይወት የሚይዝ ዕቃ ይሁን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ነገር ልንገልጽ አሰብን።

ካያክ የሚባለው ከሰሜን የበረዶ አገር ሰዎች የተገኘ ጠባብና ቀላል ጀልባ ነው። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅንቶ ተቀምጦ፥ በሁለት ጫፉ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፈዋል። በአየር የሚነፋው ዓይነት ደግሞ ተጣጥፎ በከረጢት ስለሚያዝና ብዙ ጊዜ ክብደቱ 15 ኪሎ ያህል ስለሚሆን፥ ከጎንደር ወደ መተማ ለሚወርድ ሰው ጭነቱ አያስቸግርም።

በተነፋ ነገር ላይ ሆኖ ወንዝ መሻገርም ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም.፥ በእኛ ዘንድ ጓንግ ተብሎ በሱዳን አትባራ የሚባለውን ወንዝ፥ በተነፋ ቁርበት ላይ አልጋ አስሮ ተሻግሮታል። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በደረቁ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ፥ ሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋም ማታ አሸዋ የነበረው ስፍራ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ታላቅ ወንዝ ሆኖ አገኘው። እርሱ በሰፈረበት ምድር ዝናብ አልዘነበም ነበር፤ ውሃው የመጣው ከእኛ ደጋ ነው።

እንግዲህ ጀልባ ከመምረጥ በፊት ወንዙንና ወራቱን መምረጥ እንዲገባ ከዚህ እንረዳለን። የመተማ ቆላ ወንዞች ሁለት ጠባይ አላቸው። በክረምት ደለልና ግንድ እየጠረጉ ይወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ እየጐደሉ ሄደው በየስፍራው ኩሬ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በሽንፋ ወንዝ ዳር የቆፈሩ ሊቃውንት በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ከ74,000 ዓመት በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች በበጋ ከእነዚህ ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበር አስረድተዋል። ስለዚህ መካከለኛ ልምድ ያለው ቀዛፊ ወደ ቆላው ቢወርድ፥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃው ጐድሎ ሲጠራ እንጂ ሰማዩ በደጋ ሲጠቁር አይሁን።

አሁን ወደ ጀልባው እንመለስ። አስቀድሞ የሚታየው ርዝመቱ ነው። 3 ሜትር ያህል የሆነው አጭሩ በድንጋይ መካከል በቶሎ ይዞራል፤ 4 ሜትር የሚደርሰው ረጅሙ በጣና ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛም የአየር ክፍሎቹ ከሦስት ያላነሱና እርስ በርሳቸው የተለያዩ ይሁኑ፤ አንዱ በግራር እሾህ ቢወጋ ሌሎቹ ሰውየውን ይዘው ወደ ዳር ያደርሱታልና። ሦስተኛም ወለሉ ላዩና ታቹ በብዙ ሺህ ክሮች የተያያዘው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ሲነፋ እንደ ጣውላ ይጠነክራልና። አራተኛም በወለሉ ላይ የገባውን ውሃ የሚያፈስሱ ቀዳዳዎች ያሉት፥ ቀዳዳዎቹም በረጋ ውሃ ላይ የሚዘጉ ቢሆኑ፥ አንዱ ጀልባ ለወንዝም ለሐይቅም ያገለግላል። ከበታቹ የሚሰካው ክንፍ በሐይቅ ላይ አቅጣጫ ይጠብቃል፤ በጥልቀት የለሽ ወንዝ ግን ከድንጋይ ጋር ስለሚጋጭ የሚነቀል መሆን አለበት።

የቆላው ፀሐይም የራሱ ሕግ አለው። ጀልባው ጧት በቀዝቃዛ አየር ጥብቅ ተደርጎ ተነፍቶ በቀትር በአሸዋ ላይ ቢተው፥ በውስጡ ያለው አየር በሙቀት ይሰፋና ስፌቱን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ከውሃ ሲወጣ ጥቂት አየር ይለቀቅለት፥ በጥላም ይቀመጥ። መንፊያው፥ መጣፊያውና ሙጫውም ከጀልባው ጋር አብረው ይያዙ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ተብሏልና።

ነገር ግን ከሁሉ የሚያስፈራን የጀልባው ጉድለት ሳይሆን የመካከለኛው ቀዛፊ ልብ ነው። ጀማሪ ይፈራል፥ ስለዚህም ከዳር አይርቅም፤ የበሰለው አደጋውን ከሩቅ ያያል፤ መካከለኛው ግን ለመግባት የሚበቃ እውቀት እንጂ ለመውጣት የሚበቃ እውቀት ገና አላገኘም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለውም ለእርሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት በላስቲክ ጀልባ ዐባይን የወረዱት እንግሊዛውያን፥ ብዙ ዝግጅትና የሠለጠኑ ወታደሮች ሳያንሳቸው፥ ከመካከላቸው አንዱ በውሃ ተወስዶ ሞቶባቸዋል። ስለዚህ ልጅዎ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብስ፥ ያለ ጓደኛና ያለ ሁለተኛ ጀልባ፥ የአገሩንም ሰው ስለ አዞና ስለ ውሃው ሳይጠይቅ አይግባ። ሰውነቱንም በገመድ ከጀልባው ጋር አይሰር።

በየብስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመተማ ቆላ የወባና በደቃቅ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር አገር ስለ ሆነ፥ ሌሊት በግራር ሥር ያለ አጎበር መተኛት አይገባም። ጓንግም ወደ ጎረቤት አገር የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷልና፥ የአካባቢውን ሹማምንት ሳያስፈቅዱ በድንበር ወንዝ ላይ መንሸራሸር ከድፍረት ይቆጠራል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ጀልባ ቢለምናችሁ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «በየትኛው ወንዝ፥ በየትኛው ወር፥ ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሦስቱ የሚበቃ መልስ ካለው ጀልባውን ግዙለት። መልስ ካጣ ግን አንድ ዓመት በጣና ላይ፥ ነፋስ ሳይነሣ በጧት፥ ይለማመድ። ወንዙ በሚመጣው ዓመትም በስፍራው ይገኛል።