ከተማችን በቀንም ባለቤት ያስፈልጋታል



ባለፈው ስብሰባችን ላይ «ወርኃዊ ስብሰባችን እዚሁ ባከስ ማርሽ ይሁን ወይስ እንደ ድሮው ፉትስክሬይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለና ነገሩ ሳይቋጭ ተበተንን። ብዙዎቻችሁ ጉዳዩን የመንገድና የቤንዚን ሂሳብ አድርጋችሁ አይታችሁታል። እኛ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ያለበት ስለ መሰለን፣ ያለንን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማቅረብ ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስተያየታችን ባጭሩ ይህ ነው። ከተማችን በሌሊት ሙሉ፣ በቀን ባዶ ናት። በቀን ማን ቤት እንዳለ የሚያውቅ፣ አደጋ ሲመጣ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው ማዘጋጀት አለብን። ይህ ደግሞ ፉትስክሬይ ተቀምጠን የምንሠራው ሥራ አይደለም።

ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ዳርሊም ማዲንግሊም መብራት ይበራል። አንዱ ጃኬቱን በእጁ ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሮጣል፤ ሌላው መኪናውን አስነሥቶ የምዕራቡን አውራ ጎዳና ይይዛል። ባቡሩ ላይ ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ ስልኩን እያየ ይሄዳል። አንዱ ሰንሻይን፣ አንዱ ፉትስክሬይ ይወርዳል፤ የቀረው ሜልበርን መሐል ድረስ ይዘልቃል። ሥራው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ብርዱ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ ደግሞ በጨለማ ወጥተን በጨለማ ስለምንገባ፣ የገዛ ቤታችንን በብርሃን የምናየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እነዚያንም ቀኖች ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዕድር፣ ለእንጀራና ለበርበሬ ብለን ተመልሰን ወደዚያው እንነዳለን።

ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ፉትስክሬይ የቤት ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሲሆንብን ወደ ምዕራብ ተገፋን። እዚህ ልጆች የሚሮጡበት ጓሮ አገኘን። ከመጋቢት 2023 ጀምሮ የገጠሩ ባቡር የቀን ዋጋ ከሜልበርኑ እንዳይበልጥ ስለ ተደረገ ደግሞ መመላለሱ ለኪሳችን ቀለለ። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው የምናድርባትን ከተማ ማወቅ ነው።

ማርሽ ሲባል የመኪናው ማርሽ እንዳይመስላችሁ፤ በእንግሊዝኛ ረግረግ ማለት ነው። ይህ ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ የዋዳውሩንግና የዉሩንጄሪ ሕዝቦች አገር ነው። በ1838 ካፒቴን ዊልያም ሄንሪ ባከስ የተባለ እንግሊዛዊ ከታዝማንያ መጥቶ ሰፈረበትና ረግረጉ በስሙ ተጠራ። በ1851 ባላራት ላይ ወርቅ ሲገኝ፣ ከሜልበርን ወደ ወርቁ የሚጎርፈው ሕዝብ በዚህ በኩል የሚያልፍ ሆነ። ባቡሩ በ1884 ሜልተን፣ በ1887 እዚህ ደረሰ፤ በ1889 ከባላራት ጋር ተገናኘ። ከዚያ በፊት የባላራት ባቡር በጂሎንግ በኩል ዞሮ ነበር የሚሄደው። ወንዞቹ ዌሪቢና ለርደርደርግ ያመጡት አፈር ለም ስለሆነ፣ የአገሩ ሰው ፖምና አትክልት ተክሎ ኖረ። ዛሬም በመንገዱ ዳር የምናያቸው የፍራፍሬ መሸጫዎች የዚያ ቅሪት ናቸው።

በቅርቡም መንገዱ እየተስተካከለ መጥቷል። በ2011 አንተኒስ ከቲንግ የሚባለው አስቸጋሪ ቁልቁለት በአዲስ መንገድ ተተካ። በ2015 ደግሞ የገጠሩ ባቡሮች ከከተማው ባቡር ተለይተው የሚሄዱበት ሐዲድ ተከፈተ። ጥሩ ነው፣ አንጠላም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መንገዱ በቀለለ ቁጥር እዚህ አድሮ እዚያ የሚውለው ሰው ይበዛል። ድሮ ሰው የሚሠራውም የሚያድረውም እዚሁ ነበር።

ያ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከፈለጋችሁ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ትልልቅ ዛፎች ተመልከቱ። በየቀኑ በሥራቸው እናልፋለን። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1918፣ የዚህ ወረዳ ሕዝብ ለዘመቱ ልጆቹ 281 ኤልም የሚባሉ ዛፎችን ተከለ። ለእያንዳንዱ ዘማች አንድ ዛፍ፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ አንድ ስም። ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የተተከሉት። እስቲ አስቡት፤ በየጉድጓዱ አጠገብ ችግኝ የያዘ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማክሰኞ ቀን በ6 ሰዓት ጥሩንባ ቢነፋ ከመንገዳችን ስንት ሰው ይወጣል? አያቶች፣ ሕፃናትና የሌሊት ፈረቃ ሠርተው የተኙ ሰዎች ናቸው የሚወጡት።

ለጌጥ ብለን አይደለም ይህን የምናነሣው። የምንኖርበት ክፍለ አገር ቪክቶሪያ በእሳት የታወቀ ነው። በጥር 1939 በአንድ የእሳት ወቅት 71 ሰው አለቀ። ከዚያና በኋላ ከመጡት ቃጠሎዎች ትምህርት ተወስዶ፣ በ1945 ሲ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው የገጠር እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በየካቲት 7 ቀን 2009 ደግሞ ብላክ ሳተርደይ በሚሉት ቀን 173 ሰው ሞተ። ከተማችን በሰሜን በኩል የለርደርደርግ ጫካ አለባት፤ በሌላው ወገን የደረቀ ሣር ሜዳ ነው። «እኛ ጫካ ውስጥ አይደለንም» የሚሉ አሉ። የሣር እሳት ግን በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ነፋስ ሲያገኝ ከዚያም ይፈጥናል። በእግር የሚያመልጡት ነገር አይደለም።

«የእሳት አደጋ መንግሥት አለ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። ነገር ግን በገጠሩ እሳት የሚያጠፉት አብዛኞቹ ደመወዝ የማይበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ገበሬው ጥሪ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ታዲያ ጤነኛው ጉልማሳ ሁሉ ቀን ቀን ሜልበርን ከዋለ፣ መኪናውን ማን ይንዳው? ቱቦውን ማን ይያዘው? እኛ ተኝተን ሳለን ቤታችንን የሚጠብቅልን ሰው ካለ፣ እኛስ ከተራው ድርሻ የለንም ወይ?

ባለፈው በጋ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ከመንገዳችን ጀርባ ያለው ሣር ተያያዘ። ቀኑ የሥራ ቀን ነበር። አንዲት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር ቤት ነበሩ። ስልካቸው ላይ የመጣው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የማስታወቂያ መልእክት መስሏቸው ዘጉት። ልጃቸው ሥራ ቦታ ሆና ዜናውን ሰምታ ብትደውል፣ እማማ ስልኩን ጓዳ ትተውት ጓሮ ወጥተዋል። ልጅቱ መኪናዋን ይዛ ስትበር መንገድ ላይ አስቆሟት። በሩን አንኳኩቶ ሁለቱንም በመኪናው ያወጣቸው ከማዶ ያለው ጡረተኛ ፈረንጅ ነው። እሳቱ ቤት ሳይደርስ ጠፋ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእኛ ወገን ግን በዚያ ሰዓት ቤት የነበሩ ሦስት ሰዎች እንደ ነበሩ ኋላ ነው የታወቀው። አንዱ ሌሊት ሠርቶ ተኝቶ ነበር፤ ሁለቱ እማማ እዚያ መኖራቸውንም አያውቁም። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያውቅ ጠፍቶ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤቱ ጎረቤቱን ሲያውቅ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። የእኛ ገናና ጥምቀት የሚውሉት በዚህ አገር ዋና የእሳት ወቅት ላይ ነው። ቶታል ፋየር ባን በታወጀ ቀን ውጭ ከሰል ማንደድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የቡና ከሰልም ቢሆን፣ የዶሮ መለብለቢያ እንጨትም ቢሆን። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት ግቢ ውስጥ ማብሰል ይቻላል፤ ግን ዙሪያው 3 ሜትር የጸዳ፣ የውሃ ቱቦ ወይም ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ አጠገቡ ያለ፣ አዋቂ ሰው የማይለየው መሆን አለበት። ታዲያ ውጭ ተከለከለ ብላችሁ ከሰሉን አቀጣጥላችሁ ቤት እንዳታስገቡ! መስኮት በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ይፈላ፤ ለአንድ ቀን ሥርዓቱ ቢጎድል ማንም አይቆጣም።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። «ዘመዶቻችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ዕድራችን ፉትስክሬይ ነው፤ ከዚያ ልትለዩን ነው ወይ?» ያሉ አሉ። ኧረ አይደለም። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ወርዶ ሰላም የሚባባለው ሰው ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ይህን አገር አንለምደውም ነበር። ያ ዕድር ይቀጥል፤ መዋጮውም አይቋረጥ። ነገር ግን የፉትስክሬይ ዕድር የሚደርስልን ስንሞት ነው፤ የሰፈር ማኅበር የሚያስፈልገን በሕይወት ሳለን ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

«ደክሞናል፣ ጊዜ የለንም» ያላችሁም እውነታችሁን ነው። የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ሥራ አይቀርም። ለዚህ ነው ከሁሉም ሰው እኩል የማንጠይቀው። የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፤ ስብሰባው እዚህ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ልጆችም አያቶችም ሊመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፤ በየመንገዱ አንድ ዝርዝር ይዘጋጅ። በየትኛው ቀን ማን ቤት ይውላል? የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ማን ነው? መኪና ያለው ማን ነው? አዛውንት ወይም በሽተኛ ያለበት ቤት የትኛው ነው? ዝርዝሩ በየመንገዱ በተመረጠ አንድ ሰው እጅ ይቀመጣል እንጂ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ወላጅ እሱ ከሜልበርን መመለስ ባይችል ልጁን ከትምህርት ቤት የሚረከብ ሰው ከወዲሁ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። መንገድ ሊዘጋ፣ ባቡር ሊቆም ይችላል።

አራተኛ፤ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሰው እሳት አደጋው ዘንድ ሄዶ በጎ ፈቃደኛ ይሁን። እሳት ፊት መቆም ለማይችል ሰውም የሚሰጥ ሥራ አላቸው። አማርኛ የሚናገር ሰው እዚያ መኖሩ ብቻ ለአያቶቻችን ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛ፤ እነዚህን ቁጥሮች ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲሆን 000። ስለ እሳት መረጃ ለመጠየቅ 1800 226 226። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ 131 450 ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉ። የእሳት አደጋው ደረጃ ከመስከረም 2022 ወዲህ አራት ነው፤ ሞደሬት፣ ሃይ፣ ኤክስትሪም፣ ካታስትሮፊክ። ይህ የመጨረሻው ሲነገር፣ ለጫካና ለሣር ሜዳ ቅርብ የሆነ ቤት ያለው ሰው እሳት እስኪያይ አይጠብቅም፤ በዋዜማው ወይም ገና በጠዋቱ አያቶችንና ልጆችን ይዞ ይወጣል። ፉትስክሬይ ያለው ዘመድ የሚጠቅመን ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዛፎቹን የተከሉት ሰዎች ሀብታሞች አልነበሩም፤ ገበሬዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ስማቸውን በየዛፉ ያሰፈሩላቸውን ዘማቾች በየቤቱ ያውቋቸው ነበር። እኛም ልጆቻችን የሚያድጉባትን ከተማ መኝታ ብቻ ካደረግናት፣ እነሱም እንደ እንግዳ ያድጉባታል።

የሚቀጥለው ስብሰባ የሚደረግበት ቦታ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። ከዚያ በፊት በቀን ቤት የምትውሉ ሁሉ ስማችሁንና የምትውሉበትን ቀን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ፣ በተለይም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች እንዳትቀሩ በትሕትና እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት