ወንበሩን አትቁጠሩልኝ፣ በሩንና ሣሩን አሳዩኝ

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ማስተናገድ ትፈልጋለች። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄውን በይፋ አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ በየካፌው የምሰማው ክርክር ሁሉ ስለ ወንበር ነው። የአደይ አበባ ስታዲየም 62 ሺህ ይይዛል፤ የባሕር ዳሩስ ስንት ነው፣ የሐዋሳውስ?

እኔ የምተዳደረው በዝናብ ውሃ ነው፤ የከተማ ጎርፍ ማስወገጃ መስመር እነድፋለሁ። ከሥራ ውጭ የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ነኝ፣ ሚስማር ተራ ያደግሁ። ሁለቱ ተደምረው ዓመል አስይዘውኛል፤ ስታዲየም ስገባ ጣሪያውን ቀና ብዬ አላይም። የገባሁበትን በር ስፋት በዓይኔ እለካለሁ፣ ከዚያ ውሃው ከሜዳው ወዴት እንደሚሄድ እፈልጋለሁ። ለአዘጋጅነት ስንዘጋጅም በዚሁ ቅደም ተከተል መሄድ አለብን ባይ ነኝ፤ በሩና ሣሩ ይቅደሙ፣ ወንበሩ ይከተል።

«እኛ እኮ የካፍ መሥራች ነን፤ ሦስት ጊዜ አዘጋጅተናል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አዘጋጅተናል። ነገር ግን በ1954ቱ የተካፈሉት አራት ቡድኖች ነበሩ። የቡድናችን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለበት ያ አንድ ስታዲየም ለሁሉም በቃ። በኋላ አሥመራና ድሬዳዋ በየተራቸው ታክለው ስምንት ቡድን ተስተናገደ። ዛሬ የሚመጡት 24 ናቸው፤ ኮትዲቯር ለእነሱ ያቀረበችው ስድስት ስታዲየም ነው። በ1954 የገባ ዋንጫ የዛሬን ሜዳ አያስፈቅድም።

የቅርቡን ታሪካችንን ማስታወስ ይሻላል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ባለሜዳዎቹ እነሱ ነበሩ፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ከዚያም በኋላ ኤል ጃዲዳ፣ ዳሬሰላምና አቢጃን በየተራ «ሜዳችን» ሆነዋል። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ያገደው ስለጠበቡ አልነበረም። የመጫወቻ ሜዳው፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ የተመልካቹ አቀማመጥ መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ ነው። ትልቅ ስታዲየም አጥተን አልተሰደድንም፤ በአግባቡ የተያዘ ስታዲየም አጥተን ነው።

ስለ በር ስናገር ያውንዴን አነሣለሁ። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ከኮሞሮስ የተጫወተችው 60 ሺህ ሰው በሚይዘው አዲሱ የኦሌምቤ ስታዲየም ነበር። በኮሮና ምክንያት አዘጋጇ በምትጫወትበት ዕለት እንኳ ከ80 በመቶ በላይ ተመልካች እንዳይገባ ተወስኗል። ወንበር ተርፏል ማለት ነው። ስምንት ሰዎች ግን ወንበራቸው ጋ ሳይደርሱ መግቢያው ላይ ተረጋግጠው ሞቱ። የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ በማግሥቱ የተናገሩት ክፍት መሆን የነበረበት በር ባልታወቀ ምክንያት ተዘግቶ እንደነበር ነው። ልብ በሉ፤ ካሜሩን የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) ውድድር በዝግጅት መጓተት ተነጥቆባት ወደ ግብፅ ከሄደ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት አግኝታ ነበር። ኮንክሪቱ ደረሰ። የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን፣ መቼ ይከፈት፣ ሰው ሲበዛ ማን ለማን ይደውል የሚለው ግን አልደረሰም።

የብሪታንያ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ ጨዋታ ሲያልቅ ተመልካቹ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሳይጨናነቅ ወደሚሄድበት መውጫ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ሊወስድበት አይገባም ይላል። የስታዲየሙን የተመልካች ቁጥር የሚወስነውም ይህን የመሰለ ስሌት ነው። በሩ 20 ሺህ ሰው ብቻ በሰዓቱ የሚያስወጣ ከሆነ 60 ሺህ ወንበር ቢደረደርም ስታዲየሙ የ20 ሺህ ነው። እኛ አገር ግን ስታዲየም ሲመረቅ የወንበሩ ቁጥር በዜና ይነገራል እንጂ የመውጫው ደቂቃ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ሣሩ ደግሞ ወደ አቢጃን ልውሰዳችሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ኮትዲቯርና ማሊ ኤቢምፔ በሚገኘው በአላሳን ዋታራ ስታዲየም የወዳጅነት ጨዋታ ገጠሙ። ይህም 60 ሺህ ይይዛል፣ ይህም አዲስ ነው። ዝናብ ጣለ፣ ውሃው ሜዳው ላይ ተኛ፣ ጨዋታው ተቋረጠ። ለአፍሪካ ዋንጫ የቀሩት አራት ወራት ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ በተዋቀረው ካቢኔ ውስጥ የስፖርት ሚኒስትሩ አልነበሩም። ሜዳው ተጠገነ፤ በየካቲት ኮትዲቯር እዚያው ሜዳ ላይ ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይፈጠራል? ሙያዬ ስለሆነ ላስረዳ። ጥሩ ሜዳ ላይ ሣሩ የሚበቅለው አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ነው። ከአፈሩ ሥር ጠጠር አለ፤ ጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ተዘርግተው ውሃውን ሰብስበው ወደ ዋናው መስመር ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ አንዴ ከተሸፈነ አይታይም። የማይታይ ሥራ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነስ ነው። አንድ የክልል ከተማ ውስጥ ግንባታው የተጋመሰ ስታዲየም እንድጎበኝ ተጋብዤ ነበር። ትሪቡኑ ቆሟል፣ የክብር እንግዶች ሳሎን ንድፍ በቀለም ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሜዳውን የውሃ ማስወገጃ ንድፍ እንዲያሳየኝ አስጎብኚዬን ስጠይቀው «እሱ መጨረሻ ላይ ይታያል» አለኝ። መጨረሻ ላይማ የሚታየው ውሃው ነው።

«ዋንጫው በጥር ነው፤ ያኔ እኛ ዘንድ ዝናብ የለም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ሣር ግን የሚኖረው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ሥሩ ሐምሌና ነሐሴን ውሃ ውስጥ ታፍኖ የከረመ ሣር በጥር ለጨዋታ አይደርስም። ጥርም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ የተሰጠው የ2027ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር የታቀደው ለሰኔና ለሐምሌ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ክረምት መግቢያ ላይ።

ሜዳዎቻችንን የሚጎዳ ሌላም ልማድ አለን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጋችን ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ ሆኗል፤ ቡድኖቹ ሁሉ ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ይከትሙና የሳምንቱን ጨዋታዎች በአንድ ሜዳ ላይ ተራ በተራ ይጫወታሉ። ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንደሚመች ይገባኛል። ለሣሩ ግን ቀን ከቀን መረገጥ ነው፣ ማገገሚያ ፋታ የለውም። ውድድሩ ሲዛወር ደግሞ ያ ሜዳ ትልቅ ጨዋታ ሳያይ ይከርማል፤ ያኔ ማን ያጠጣዋል?

የሚቃወሙኝ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። አዘጋጅነቱ ይሰጠን፤ ቀነ ገደብ ካለ ሥራው ይሠራል ይላሉ። አደይ አበባ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቀጠሮው ስንቴ እንደተራዘመ ያየ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ቀነ ገደብ ግን ሕንፃ ያስጨርሳል እንጂ ሕንፃውን የሚይዝ ሰው አያመጣም። ብራዚል ለ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ በዋና ከተማዋ ብራዚሊያ 72 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም በሰዓቱ አድርሳለች። ከተማዋ በአንደኛው ሊግ የሚጫወት ክለብ አልነበራትም፤ ዋንጫው ባለፈ በዓመቱ የስታዲየሙ ቅጥር ግቢ የከተማ አውቶቡሶች ማቆሚያ ሆነ። ብራዚል የቻለችውን ኪሳራ እኛ አንችልም።

ስለዚህ ከባለሥልጣናቱ የምጠይቀው የሚለካ ነገር ነው። በእጩነት የሚቀርብ እያንዳንዱ ስታዲየም የበሮቹ ብዛትና የመውጫ ደቂቃው ለሕዝብ ይነገር። ሜዳው ከመሸፈኑ በፊት የውሃ መስመሩ በገለልተኛ ባለሙያ ይፈተሽ። እያንዳንዱ ስታዲየም የመደብ ደመወዝ ያለው የሣር ባለሙያ ይኑረው፤ ለስብሰባ አዳራሽ እንደሚበጀተው ሁሉ ለሣሩም የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ይበጅት። ወደ ካፍ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ስታዲየሙ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ የሊግ ጨዋታ ያስተናግድ። ይህን ፈተና ያለፉ 20 ሺህ ሰው የሚይዙ ስታዲየሞች ቢኖሩን አላፍርባቸውም፤ ኮትዲቯርም በኮሮጎና በሳን ፔድሮ ያስተናገደችው በዚህ መጠን ባሉት ነው። ፈተናውን ያላለፈ ስታዲየም 62 ሺህ ቢይዝም ከእጩ ዝርዝሩ ይውጣ።