«ለልጆች ሲባል»

ከመገናኛ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት፣ ወይም ከገርጂ በጎሮ አድርጎ ወደ አራብሳ የሚያቀናውን፣ አልጋና ቁም ሣጥን የጫነ አይሱዙ አስቁማችሁ ጋቢና የተቀመጠውን አባወራ «ምን አስነሣህ?» ብትሉት መልሱን ከወዲሁ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ «ለልጆች ሲባል ነው» ይላችኋል። ከዚህ ወዲያ ጥያቄ የለም። በእኛ ዘንድ ለልጅ ሲባል የተደረገ ነገር አይመረመርም። ደላላውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የክፍሎቹን ብዛት ከመጥራቱ በፊት «ለቤተሰብ የሚሆን፣ ጸጥ ያለ ሰፈር» ብሎ ይጀምራል።

እንጀራዬ ባንክ ነው። እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ወገን የተመዘገበ ገንዘብ ሁሉ በሌላው ወገን መታየት አለበት፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለቱ ወገን እኩል ካልመጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ለልጆች ሲባል» የምትለዋ ሐረግ ግን ተቀናሽ የሌላት ገቢ ሆና ትኖራለች። ንጹሕ አየር ገቢ፣ ሰፊ ግቢ ገቢ፣ ጸጥታ ገቢ። ከማን ላይ ተቀነሰ? አይነገርም። የኔ አስተያየት ወደ ከተማ ዳር መውጣት ክፉ ነው የሚል አይደለም፤ እንዲያውም እኛም ሳንወጣ አንቀርም። የምለው፣ የሚወጣ ሰው የሌላውንም ወገን ገጽ ገልጦ ጮክ ብሎ ያንብበው ነው።

«ዳር» ራሱ ቦታ ሳይሆን ዘመን መሆኑን አልረሳሁም። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ቦሌ ከከተማ ውጭ ያለ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ «መኻል ነኝ» ብሎ የሚኮራው ሰፈር ያን ጊዜ ዳር ነበር ማለት ነው። ሲኤምሲ በደርግ ዘመን ቤቶቹን በሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ምሕጻረ ስም ሲጠራ፣ እዚያ መኖር መሰደድ ይመስል ነበር ይላሉ የሚያስታውሱት። ያም ሆነ ይህ ከተማይቱ ራሷ ልትለቅ ተነሥታ የቀረች ናት። ምኒልክ ማገዶ እያለቀ ሲያስቸግራቸው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላቸውና ቀሩ፤ በዚያ የታነጸውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጓዝ ጠቅልሎ ከመነሣት ዛፍ ተክሎ መቆየት የተሻለበት ጊዜ እንደነበር ለማስታወስ ያህል ነው እንጂ እኛ የምንተክለው ባሕር ዛፍ የለንም።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. ከ900 ሺሕ በላይ ሰው ለጋራ መኖሪያ ቤት ሲመዘገብ ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ያን ጊዜ አልተጋባንም። ወር በወር ስትቆጥብ ቆይታ፣ በሐምሌ 2014 ወጥቶ የነበረው ዕጣ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዳግም ሲወጣ አራብሳ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ደረሳት። ሃያ በመቶውን ከፍለን ሰማንያው በብድር ሆነ። እኛ የምንኖረው ግን ገርጂ፣ በኪራይ፣ ያውም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ለሙከራ ተሠርተው ከነበሩት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። የአራብሳውን አከራይተን፣ በዚያ ላይ ጨምረን የገርጂውን እንከፍላለን። በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ሲወጣ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲደነገግ፣ እኔ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሆኜ ዋልኩ፤ በተከራይነቴ ደስ አለኝ፣ በአከራይነቴ ደግሞ «ታዲያ ሰውየው እስከ መቼ ሊቀመጥ ነው?» አልኩ። (አዋጅን በሁለት አፍ ማንበብ እንዲህ ነው።) የተከራያችን ውል የሚያበቃው በሰኔ ነው። ለማደስም ላለማደስም ከዚያ በፊት መወሰን አለብን። ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል የምትገባው በመስከረም ነው።

እንግዲህ ተቀናሹን ልጻፍ። ከገርጂ ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ እስካለው መሥሪያ ቤቴ 25 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ከአራብሳ ሦስት ጠዋት ተነሥቼ ለክቼዋለሁ፤ ሰልፉን ጨምሮ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ደርሶ መልስ 110 ደቂቃ። ባንክ ቅዳሜንም ይሠራል፤ በዓመት 290 ቀን ብዬ ባሰላው 531 ሰዓት ይሆናል፤ ከነሌሊቱ ቢቆጠር 22 ሙሉ ቀን። ዓመቱን ሙሉ ደክሜ የማገኘው የዓመት ፈቃድ እንኳ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ይህ ግን የኔ ነው፤ ይለፍ። የልጄ ድርሻ የሚታየው ማታ ነው። አሁን 12 ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ፤ እሷ 2 ሰዓት ትተኛለች፤ በመካከላችን አንድ ሰዓት ተኩል አለ። አራብሳ ከሆንን የምገባው 1 ሰዓት ከ25 ነው። የሚተርፈን 35 ደቂቃ ይሆናል፤ እሱም እራት የሚቀርብበት ነው። ጠዋትም አሁን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ስወጣ ገና ተኝታ ነው የምተዋት። ይህን ቁጥር ባገኘሁ ዕለት መስኮቱ ፊት ሰው አልነበረምና በገንዘብ ማውጫ ቅጽ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጫርኩ፦

ሰፊ ቤት ሠራሁልሽ ለመድረስ የራቀኝ፣
በሩን እስክከፍተው እንቅልፍ የቀደመኝ።

«ባቡሩስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሲዘረጋ እኔም ካጨበጨቡት ነበርኩ። የምሥራቁ ሰፈር ያን ዓመት ነው ከመኻሉ ጋር በእርግጥ የተሰፋው። ይሁንና ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ እያጡ ከሥራ ወጥተዋል፤ ሐዲዱም ቢሆን አያት ላይ ያበቃል እንጂ አራብሳ አይደርስም። የሩቅ ሰፈር ኑሮ በመጓጓዣ የሚቆምና የሚወድቅ ነው፤ ቤቱን ሠርቶ መንገዱን መርሳት ደግሞ በዓለም ላይ ያለ ከተማ ሁሉ የተፈተነበት ነገር ነው።

ገቢውን በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን። ገርጂ ያለንበት ሕንፃ ሥር የልጆች መጫወቻ የነበረው ቦታ በመኪና ተሞልቷል፤ ልጃችን የምትሮጠው ደረጃ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ደግሞ የታችኛው ቤት አዛውንት ይቆጣሉ፤ ልክ ናቸው። ኪራዩ በዓመት በዓመቱ ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ባለቤቴ መምህርት ናት። ወደ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ (በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተው ነው) ዝውውር ብትጠይቅና ቢፈቀድላት፣ ከቤት በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ልጅም ከእናቷ ጋር ትሄዳለች፣ ከእናቷ ጋር ትመለሳለች። አሁን ከትምህርት ቤት መልስ የምትቀበላት አያቷ ናት። ስለዚህ ሒሳቡን ስንዘጋው አባት 55 ደቂቃ ማታ ያጣል፤ እናት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ታገኛለች። ለልጅቱ ትርፍ ነው። ይህን ለማመን አልፈለግሁም ነበር፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ሆኖም ቁጥር የማይነግረኝ ነገር ስላለ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁ ሁለት ቀን በተከታታይ፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ሄጄ ቆሜያለሁ። በመጀመሪያው ቀን የቆምኩት ሰዎች «የቤተሰብ ሰፈር» ብለው በሚያሞግሱት የቪላ መንደር ነው። አስፋልቱ ንጹሕ፣ አጥሩ ረጅም፣ አጥሩ ላይ ሽቦ። ሰርቪሱ መጣ፤ ጥሩምባ ነፋ፤ ዘበኛ በር ከፈተ፤ ልጁ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እንዲህ እያለ መንደሩን ጨረሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድም ልጅ መንገድ ላይ አላየሁም፤ አንድም ሰው የልጅ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። በማግስቱ አራብሳ ሄድኩ። እዚያ አቧራ አለ። ውሃ በፈረቃ በመሆኑ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ሮቶ የሌለበት በረንዳ የለም። ለማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት፣ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው፣ ለሱቅ ተከራይቷል። ግን ከሕንፃው ሥር ጎመንና ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ኳስ ይዞ የሮጠውን ልጅ በስሙ ጠርታ «ቦርሳህን ለማን ጥለህ ነው? እናትህ ትምጣ!» ስትለው ሰማሁ። ልጁ ተመልሶ ቦርሳውን ከጉልቷ አጠገብ አስቀመጠ።

«ለቤተሰብ የሚመች» የሚለውን ቃል እኔ የምተረጉመው በዚህች ሴት ነው። በ10 ሰዓት የልጄን ስም የሚያውቅ፣ ያልወለዳት ሰው ስንት አለ? ከአጥሩ ቁመት ይልቅ ይህን ጠይቁ። በዚህ መለኪያ የቪላው መንደር ወድቋል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ አቧራማው አራብሳ አልፏል፤ ገርጂም አልፏል። ስለዚህ ምርጫው የጩኸትና የጸጥታ ምርጫ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ብዕር ወዳጆቼ አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። ልንወጣ ማሰባችንን የነገርኳቸው ግጥም ጻፎች «አራብሳ ሄደህ ምን ልትጽፍ?» አሉኝ። ለእነሱ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያውቃት አዲስ አበባ ፒያሳና ውቤ በረሃ ናት። እውነት ነው፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ያቆመው በውቤ በረሃ ላይ ነው። ነገር ግን ፒያሳም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል። የፈረሰውን ሰፈር በትዝታ የሚዘምር ሞልቷል፤ የዚያ ሰፈር ልጆች ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ተበትነው በየሕንፃው ደረጃ እየወጡ ነው፤ ስለ ደረጃው የጻፈ ግን ብዙ አላነበብኩም። «ጥበብ መኻል ከተማ ነው ያለችው» የሚለው ሰበብ ለኔ አይገባኝም።

ደግሞም ያ ዳር ባዶ ቦታ አልነበረም። እነዚያ ሕንፃዎች የቆሙበት መሬት ገበሬ የሚያርሰው ነበር። እኛ ለልጆቻችን ስንል ወደዚያ ስንወጣ፣ ለልጆቻቸው ያሰቡትን መሬት ለቀው የሄዱ ሰዎች ቀድመውናል። በኔ መዝገብ ይህን የሚይዝ ዓምድ አላገኘሁለትም፤ ሳልጽፈው ግን አላልፍም።

የቀረችው እናቴ ናት። የእናቴ ተቀናሽ ከሁላችንም ይበልጣል። እኔ የማጣው ደቂቃ ነው፤ እሷ ግን ገርጂ ጊዮርጊስን፣ ማኅበሯን፣ ሦስት ጎረቤቶቿንና ዓመታት የከፈለችበትን እድር ነው የምታጣው። «ለልጆች ሲባል» የሚለው ቃል ሲነገር ብዙ ጊዜ ከፋይዋ አሮጊት ናት፤ ደረሰኝም አይሰጣትም። ስንማከር ዝም ብላ ሰምታን ሰምታን፣ «ቡናውንስ ማንን ጠርቼ ነው የማፈላው?» አለች። መልስ አልነበረንም። ባለቤቴ ዝውውሩን በሚቀጥለው ዓመት ትጠይቅ፣ ተከራዩም ይቆይ ብዬ የነበረውን ሐሳብ እንደገና አነሣሁ፤ ባለቤቴ አልተቃወመችም።

የተቃወመችው እናቴ ናት። በሌላ ቀን ወደ እድሩ ዳኛ ሄዳ «አራብሳ ብሄድ ድንኳኑ ይመጣል ወይ?» ብላ ጠይቃቸው ኖሮ፣ «ወርኃዊሽን እስከከፈልሽ ድረስ ድንኳኑም ወንበሩም ይመጣል፤ የመኪናውን ልጆችሽ ይችላሉ። ሰውን ግን ያን ያህል መንገድ ና ብዬ ላስገድድ አልችልም» ብለዋታል። ይህን ነግራን ስታበቃ፣ የገርጂውን መክፈሏን እንደማታቋርጥ፣ ነገር ግን በአራብሳም እድር መግባት እንዳለባት ነገረችን። ባለቤቴ የዝውውር ማመልከቻውን ጽፋለች። እኔ ደግሞ ለአዲስ ገቢ መመዝገቢያው ስንት እንደሆነና ስብሰባቸው በወሩ በየትኛው እሑድ እንደሚውል ጠይቄ እንድመጣ ታዝዣለሁ።