የባሕረኛን ቅጥር ማን ይቆጣጠር?

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ ሳውዝ ሲ ሱቄ መጥታ ገንዘብ አበድሪኝ አለችኝ። የእህቷ ልጅ የክሩዝ መርከብ ሥራ አግኝቷል፤ ደላላው ለምዝገባ፣ ለቪዛና «ለቦታ መያዣ» 180,000 ሽልንግ ጠይቆታል። ደረሰኝ ይሰጣል ወይ ብላት «በኤምፔሳ ነው የሚላከው» አለችኝ። ከሞያሌ የሚጫን ጆንያ እንኳ ወረቀት አለው! አላበደርኳትም። ተቀይማኝ ከሱቄ ቀርታለች።

ኬንያ በ2014 ያጸደቀችው የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለማስቀጠር ከባሕረኛው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ልጁ ከኪሱ የሚከፍለው ለፓስፖርቱ፣ ለባሕረኛ ደብተሩና ለጤና ምርመራ ወረቀቱ ብቻ ነው። ቪዛው እንኳ የመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው። አስቀጣሪው ኤጀንትም ባሕረኛው ቢከስር የሚካስበት መድን ወይም ተመሳሳይ ዋስትና ሊኖረው ይገባል። ደግሞ መሠረታዊ የባሕር ደህንነት ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ባሕረኛ ሆኖ አይሳፈርም። የእህቷ ልጅ ይህን ሥልጠና በስሙም አያውቀውም።

ታዲያ ማን ይቆጣጠር? ለኤጀንቶቹና ለኩባንያዎቹ እንተወው የሚሉ አሉ። ኮሜርስ ሳለን ገንዘብ ተቀባዩና ሂሳብ አጣሪው አንድ ሰው እንዳይሆን ተምረናል። መርከቡ የግሪክ፣ ባንዲራው የፓናማ፣ ውሉ የተፈረመው ናይሮቢ ቢሆን ልጁ የት ሄዶ ይክሰስ? ሌሎች ኤምባሲያችን ይላሉ፤ ኤምባሲ ግን የኬንያን ኤጀንት ፈቃድ መንጠቅ አይችልም። ፈቃዱን የሚሰጠው የኬንያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። እዚህ ለተፈረመ ውል እሱ ይጠየቅ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞምባሳ መሆኑ አንድ ችግር ነው። የሚብሰው ግን የልጆቻችን ፍርሃት ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ልጅ ተበላሁ ብሎ መንግሥት ቢሮ አይገባም፤ ደላላውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ኤምባሲው የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። አቤቱታውን ተቀብሎ በልጁ ፈንታ ያቅርብለት፤ ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንቶች ዝርዝርም በአማርኛ በሩ ላይ ይለጥፍልን። ባለሥልጣኑም አቤት ባዩን ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ሳይጠይቅ ስለ ውሉ ይጠይቀው።

ደንበኛዬ ይህን ካነበብሽ፣ ገንዘቡ ገና ካልተላከ ልጁን ይዘሽው ነይ። ውል የተባለውን ወረቀት አብረን እናየዋለን፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።