በሜዳ ይለይ ወይስ በድምፅ?

ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝን ሊግ ውጤት ሳይጠይቅ የሚተኛ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። ስለ ታላላቆቹ ቡድኖች ተናገሩ ብንባል ሌሊቱ አይበቃንም። በዚህ ዕትም ግን ከፈረሰ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ ማንም ስለማያነሣው ስለ ሰሜን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ጥቂት ለማለት ፈለግን።

ይህ ዲቪዚዮን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1921 በ20 ቡድኖች ነው። ከደቡቡ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ጋራ ጎን ለጎን ሆኖ የሊጉ የመጨረሻ ደረጃ ሆነ። በሰሜንና በደቡብ መከፈሉ መልካም ሐሳብ ነበር እንላለን፤ ድኻው ቡድን ለባቡር የሚከፍለው ይቀንስለታል፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ ይገናኛል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚያልፈው ከሰሜን አንድ፥ ከደቡብም አንድ ብቻ ነበር። በደቡቡ ፕሊመዝ አርጋይል ከ1922 እስከ 1927 በተከታታይ ሁለተኛ እየወጣ ስድስቱንም ጊዜ እዚያው ቀረ። (ስድስት ዓመት! እኛ አንዱን ፈተና ሁለት ጊዜ መቀመጥ ይከብደናል።)

የታችኛው በር ደግሞ የባሰ ነበር። መጨረሻ የወጡት ቡድኖች በሊጉ ለመቆየት ማመልከቻ አቅርበው በድምፅ መመረጥ ነበረባቸው፤ ከድምፁም አብዛኛው በላይኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች እጅ ነበር። ደርሃም ሲቲ በ1928፥ አሺንግተን በ1929 የተወገዱት በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱም የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት አገር ናቸው። በ1926 ለከሰል ቆፋሪዎቹ አሠሪዎቻቸው በር ዘግተውባቸው ለወራት ያለ ደመወዝ እንደ ቆዩ የሚያውቅ ሰው፥ የሜዳው መግቢያ ገንዘብ ከየት ሊመጣ ይችል ነበር ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የጌትስሄድ ዕጣ ነው። በ1932 ከሊንከን ሲቲ ጋራ በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ስሌት ተበለጠና አንዲቱ ቦታ አመለጠችው። በ1950ም ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። በ1958 ሰሜንና ደቡብ ተደባልቀው አገር አቀፍ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን ሲቋቋሙ አራተኛው ደረሰው። በስኮትላንድ ወሰን አጠገብ ያለው ካርላይልም በደቡብ ባሕር ዳር ካለው ቶርኪ ጋራ በአንድ ዲቪዚዮን ይጫወት ጀመር። የሰሜኑ ዲቪዚዮን እንዲህ ፈረሰ፤ የድምፁ ሥርዓት ግን አልፈረሰም። በ1960 ጌትስሄድ ከ24 ቡድኖች 22ኛ ሲወጣ፥ ከበታቹ የነበሩት ኦልድሃምና ሃርትልፑልስ ተመርጠው ቆዩ፤ እርሱ ተወግዶ በቦታው ፒተርቦሮ ገባ።

ፒተርቦሮ የተሻለ ቡድን ነበር የሚሉን ጓደኞች አይጠፉም። በገባበት ዓመት አራተኛውን ዲቪዚዮን በአንደኝነት መጨረሱን አንክድም። ታዲያ ቦታ ይለቀቅለት ከተባለ፥ መልቀቅ የነበረበት 24ኛው ነው ወይስ 22ኛው? እኛ ድምፅን አንጠላም፤ ይህ የተማሪዎች ማኅበር ራሱ የቆመው በድምፅ ነው። ነገር ግን ክቡራን መምህራኖቻችን ወረቀታችንን አርመው ካበቁ በኋላ፥ የበላይ ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበው ማን ይለፍ፥ ማን ይባረር ብለው እጅ ቢያወጡ ከመካከላችን ማን ዝም ይላል?

ሊጉ በድምፅ ማስወገዱን ትቶ የመጨረሻውን ቡድን በቀጥታ ማውረድ የጀመረው በ1987 ነው። በዚያ ዓመት ስካርቦሮ ከታች ወጣ፤ መጀመሪያ የወረደውም ያ ጌትስሄድን በ1932 የቀደመው ሊንከን ሲቲ ሆነ።